ከምስጋናው ቀጥሎ ያለው

ይድረስ ከእናታችን ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው፣ ለምወድሽ እኅቴ ለአቻምየለሽ፤

መስከረም፣ አንቺ የእኅቴ ልጅ፣ ይህን ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ከመቀጠልሽ በፊት አባትሽንም ወንድምሽንም ወደ ውጭ ሸኚያቸው። ቅር እንዳይላቸው፤ ሰላምታቸው መጨረሻው ላይ አለ፣ ያኔ ትጠሪያቸዋለሽ። በሩንም ገርበብ አድርጊው።

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ዓይንሽስ እንዴት ነው? የሚዛን ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ሙዙን አሁንም በጀርባሽ ነው ገበያ የምታወጪው? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ከልማድ ጻፍኳት። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚላት ናት። እውነት ግን አይደለችም። ልሰርዛት ብዬ ነበር፤ ኋላ ትቀመጥ አልኩ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ እሷ ናት። የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እኔን ሲያመኝ የኖረው ሕመም አንቺንም እያመመሽ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። በስልክ እንዳልጠይቅሽ አንቺ ስልክ የምታነጋግሪው ድምፁን ለቀሽ ነው፤ ያንቺን ወሬ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል።

አሁን ያለሁት ቤቴ አይደለም፣ ቡሬ ነው። ከፋሲካ ወዲህ በነቀምት መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ልጆቹን አማቴ ይዘውልኛል። ባሌ ይሄይስ እርሻውን ትቶ አይመጣም፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነው። እህል የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሌላ የሚያናግረኝ የለም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? እኔ እንግዲህ ስንቱን ምሳ ብቻዬን ጎረስኩ። መንገደኛ ቢያልፍ «እንብላ» ልለው በሩን ከፍቼ ነው የምቀርበው። የከተማ ሰው ግን ዞር ብሎም አያይ። አንድ ቀን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ይባረክ» ብላኝ አለፈች፤ ያን ቀን በደንብ በላሁ።

ለምን እዚህ እንደመጣሁ ልንገርሽ። ትንሿን ያምሮትን የወለድኩ ጊዜ የጤፍ አጨዳ ደርሶ ስለነበር ወገቤ ሳይጠና ተነሣሁ። ያስገደደኝ የለም፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ እኔ ተኝቼ ገንፎ መብላት አሳፈረኝ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከውስጤ የሆነ ነገር ዝቅ ሲል ተሰማኝ። እታለም፣ ማህፀኔ ነው የወረደው። ስተኛ ይመለሳል፣ ስቆም ይወርዳል፤ ሸክም ሳነሣማ ወገቤንና አንጀቴን አብሮ ይጎትተዋል። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ መቀነቴን አጠበቅሁ።

ከዚያ ወዲህ የኖርኩት ከሰው ጋር ሆኜ ያለ ሰው ነው። እርጥበቱ አስጠልቶኝ ከይሄይስ አልጋ ወረድኩ፤ እሱ ጠልታኝ ነው አለ፤ እኔም ጠልቼህ አይደለም ማለት ከበደኝ። ንጹሕ ያልሆንኩ እየመሰለኝ ቤተ ክርስቲያን መግባት ተውኩ፤ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ግራር ሥር ቆሜ ነበር ቅዳሴውን የምሰማው። ማኅበር ላይ ብዙ መቀመጥ ስለማልችል ቶሎ ስነሣ «አልጣሽ ኮራች» ተባልኩ። እኔን መኩራት! እንደ ልቤ ተቀምጬ ወሬ መስማት የቀረብኝ ሴት!

ዘንድሮ የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞች ቡሬ ላይ የሴቶችን የቆየ ሕመም እያጠኑ ነው አለችን። ማህፀን የወረደባቸው ሴቶች በሰውነት እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚሻላቸው ማወቅ ነው የሚፈልጉት። ለገበያ ነው ብዬ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሜላት የምትባል የደሴ ልጅ ናት፤ ፊዚዮቴራፒስት ይሏታል፣ የደከመ ሰውነትን በእንቅስቃሴ የምታበረታ ባለሙያ ማለት ነው። ሕመሙ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እግዜር ይመስገን አልኳት። ወገብሽስ አለችኝ። ተመስገን አልኳት። ከሣቂታ እስከ አልቃሻ ፊት የተሣለበት ካርድ ዘርግታ የአንቺ የትኛው ነው ስትለኝ፣ ሰው ቤት ገብቶ አልቃሻ መምረጥ ነውር መሰለኝና ጣቴን ሣቂታው ላይ አሳረፍኩ።

እሷም ሕመም ለሌላት ሴት ይህ ጥናት አይሆንም ብላ በትሕትና አሰናበተችኝ። ምን ልበል? እኔው የነገርኳትን ነው ያመነችኝ። ውጭ ባጃጅ ቆሞ ነበር፤ ልገባ እግሬን ባነሣ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። አጥሩን ይዤ ቀረሁ። ባጃጁም ትቶኝ ሄደ። ሜላት በመስኮት ስታየኝ ኖሮ ወጣችና አጠገቤ ቆመች። ምስጋናው ለእግዚአብሔር ይሁን፣ እሱ ደርሶታል፤ ከምስጋናው ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ለእኔ ንገሪኝ አለችኝ።

እታለም፣ እዚያው አጥር ሥር እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ነገርኳት፤ የግራሩንም የአልጋውንም ሳይቀር ዘረገፍኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን እየተረትን እኮ ነው የምንደብቀው። ለካ ከደምበጫም ከዱርቤቴም የመጡት ሴቶች እንደኔው እያመሰገኑ ሣቂታውን እየነኩ ተመልሰዋል። የናንተ አገር ሴት በሙሉ ጤነኛ ሆናብን ወረቀታችንን ይዘን ልንመለስ ነበር ብላ ሜላት ራሷ ሣቀች። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹን በየቤታቸው አስፈልገው ጠሯቸው። አጠያየቃቸውንም ቀየሩት፤ ሴትዮዋ ስታመሰግን አሜን ይላሉ፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ድሮ ትሠሪው የነበረ፣ አሁን የተውሽው ሥራ ምንድን ነው ይላሉ። ይህን ጊዜ ሁሉም ይነገራል።

ዕጣ ተጣለና ገሚሶቹ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት ከእንቅስቃሴው ጋር ደረሳቸው፤ ለእኔ እንቅስቃሴው ብቻ ወጣልኝ። ሽንት እንደመቋጠር ያለ ነገር ነው፤ ውስጥሽን ሰብስበሽ ትይዢና ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ። ደጋግመው ስለሚያሠሩን ከቤት መመላለስ አልቻልኩም፤ ክፍሏን የተከራየሁት ለዚህ ነው። ሜላት ያዙ ስትል ሁላችን ጭጭ ብለን፣ ፊታችንን አኮሳትረን እንይዛለን። አንድ ቀን አንዲት የዱርቤቴ ባልቴት ሳቋን መቋጠር አቅቷት ስትለቀው የሁላችንም ተለቀቀ። ከስንት ዘመን በኋላ ከሴቶች ጋር ተቀምጬ የሣቅሁት ያን ቀን ነው። እነሱ ግን ማታ ማታ ወደ ዘመዶቻቸው ይገባሉ፤ እኔ ወደ ጠባቧ ክፍሌ።

ፈጽሞ ድኛለሁ አልልሽም፤ እነሱም ያልዳነውን ዳነ አይሉም። አንዳንዷ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ እኔም ምናልባት። ግን ወገቤ ቀለል ብሎኛል። ያለፈው እሑድ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ፤ ከቅጥሩ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ ሆኜ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ አልጣሽ ገባች የሚል ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ያን የመጀመሪያ ቀን ሜላት መቀነቴን ስትፈታልኝ ሆዴ ላይ የቀረውን ሰንበር አይታ ማጥበቁ ነገሩን ቁልቁል እንደሚገፋው አስረዳችኝ። እናትሽ ወይም እኅትሽ ይህ ነበረባቸው ወይ፣ በዘር በኩል የሚበረታበት ጊዜ አለ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ግን መቀነት ስትል እምዬ ትዝ አለችኝ። ሆዴን ብርድ መታኝ እያለች በበጋም ጭምር ስትታጠቅ የኖረችው። ወደዚህ ጠቅልዬ ከመምጣቴ በፊት አክስታችን እትዬ ሰብለ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኳቸው። እምዬ ስታርፍ አጥበው የገነዟት እሳቸው ናቸው። አይተናል ልጄ፣ የሞተ ሰው ገበና አይወራም ብለን እንደያዘችው አብረን ቀበርነው አሉኝ። አንቺ ለቀብሯ አልደረስሽም፤ እኔ ደርሼም አላወቅሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ ከዓይኔ አልጠፋ አልሽ። ለእምዬ አርባ የመጣሽ ጊዜ መደቡ ላይ በአንድ ጎንሽ ብቻ ነበር የምትቀመጪው። ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ። በየጊዜው ወደ ጓሮ ትወጫለሽ። ስትተኚ እግርሽን የእህል ከረጢቱ ላይ ትሰቅያለሽ። ምነው ብልሽ፣ ዕድሜ ነው እቴ፣ እግዜር ይመስገን አልሽኝ። እኔም ያው ሕመም እያለብኝ አመንኩሽ። ሁለት ሴቶች በአንድ መደብ ላይ፣ አንዷ ከሌላዋ እየደበቀች፣ እያመሰገንን ተኛን።

ደግሞ አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ልጅ ሆነን እኔ ትምህርት ቤት እንድሄድ የእኔን እንስራ ውሃ አንቺ ደርበሽ ትቀጂ ነበር። ያንቺን አድርሰሽ ለእኔው ትመለሻለሽ። አባታችን ከሁለት አንዳችሁ ብቻ ትማር ሲለን፣ እሷ ትማር ብለሽ ለእኔ የተውሽልኝ አንቺ ነሽ። ይኸው ዛሬ እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ደግሞ ልጅሽ ታነብልሻለች። ጉልበትሽ የት እንደቀረ አሁን ገብቶኛል፤ አንቺ በወገብሽ ያስተማርሽኝን ፊደል ለዚህ ካላዋልኩት ለምን ላውለው ነው?

እዚህ ድረስ ነይ አልልሽም፤ መንገዱን ታውቂዋለሽ። እዚያው ሚዛን ሐኪም አለ። መቀነትሽን አላሊው፤ ሙዙን ሌላ ሰው ይሸከመው፤ ሄደሽ ታዪ። የሚያይሽ ወንድ ሐኪም ከሆነም አይፈሪ፤ እኔንም አንዱ አይቶኝ ነበር፣ ከእኔ ይበልጥ ያፈረው እሱ ነው።

ባልሽ መልካሙ ምን ይለኛል ብለሽ እንዳትጨነቂ የይሄይስን ልንገርሽ። ወደዚህ ልመጣ ስል ነገርኩት። ተነሥቶ ወጣ፤ ይኸው ጠላኝ አልኩ። ሰሞኑን ከሰፈር የመጣች ሴት ናት የነገረችኝ፤ ለካ ያን ቀን የወጣው ጀሪካን ሊገዛ ኖሯል። አሁን በየማለዳው አህያ ጭኖ ወንዝ ወርዶ ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው። ይሄይስ ሴት ሆነ ብለው ሲሥቁበት አህያዋን ነው የማጠጣት ይላል አሉ። ለእኔ እስካሁን አልነገረኝም። ናፍቆኛል፤ ይህን ያህል ዘመን አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን የናፈቀኝ ያህል ናፍቆኛል።

እንግዲህ መስከረም፣ እናትሽ እያለቀሰች ከሆነ ቆይተሽ ቀጥዪ፤ አሁን አባትሽንና ወንድምሽን ጥሪያቸው።

ለአባወራሽ ለመልካሙ፣ እንደምን ከረምክ ወንድሜ፤ እኅቴን አደራ ብዬሃለሁ፣ አደራዬን መስከረም ታስረዳሃለች። ለምስክር፣ ቁመትህ በሩን አለፈ አሉኝ፤ እስኪ ያን ትከሻህን ለሙዙ አውሰው። ለደጋግ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እትዬ ሰብለ ግንባርሽን ስመዋል። ልጆቼ ስምሽን እየጠሩ ይጠይቁሻል። ደብዳቤውን የሚያደርስላችሁ ሀብተሚካኤል የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እዚያው ሚዛን የሚያስተምር ነውና መልሱን ሳትሰጪው እንዳይሄድ፣ ምሳ አብልታችሁ አስቀምጡት።

ለአንቺ ደግሞ መስከረሜ፣ የመጨረሻው ሰላምታ ያንቺ ነው። መቼም አንብበሽ ስትጨርሺ እናትሽ ዓይኗን ጠራርጋ፣ ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን ማለቷ አይቀርም። አሜን በያት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጪና ከፊቷ ተቀመጪ፤ እስክትነግርሽ ድረስ እንዳትነሺ።

ናፋቂ እኅትሽ አልጣሽ
ቡሬ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.