ያልተመረቀው ማሽን

ሰኞ፣ ግንቦት 3

«ጋሼ፣ ያዘዙት ስላልተገኘ ከእሱ የማይተናነስ ልከንልዎታል። ማሽን ማሽን ነው። ቀለሙም ያምራል። መጀመሪያ ቅር ቢልዎትም ይለምዱታል።»

ቃል በቃል ይኸው ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። ደሴ ያለው ነጋዴ ታምራት ዛሬ ጠዋት በስልኬ የላከልኝ ነው። የላከውም ማሽኑን የጫነው አይሱዙ አቀስታን ካለፈ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ከመንገድ እንደማስመልሰው ያውቃል።

ይለምዱታል! ጫማ ነው እንዴ?

ዓመት ሙሉ ስመርጥ የከረምኩት ማሽን ነው። ለግቢዬ ወርክሾፕ የሚሆን፣ ብረት የሚቦረቡር ትንሽ ሚሊንግ ማሽን። ቶርኖ አለኝ፤ ቶርኖ ክብ ክቡን ይሠራል፣ ጠፍጣፋውንና ቦዩን ግን አይሠራልኝም። የምፈልገውን አውቅ ነበር። በግቢዬ በር የሚገባ። በቤት መብራት የሚሠራ፣ ሦስት ፌዝ የማይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምሰሶው አራት ማዕዘን የሆነ። ምሰሶው ክብ ከሆነ የማሽኑ ራስ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ትንሽ ወደ ጎን ይዞራል። አጭሩን መሰርሰሪያ አውጥተህ ረጅሙን ስታስገባ የነበርክበትን ቦታ ታጣዋለህ። ይህን ለታምራት በስልክም በጽሑፍም አስረድቻለሁ። «ገባኝ ጋሼ» ብሎኛል።

ከሰዓት በኋላ ደረሰ። የሳንቃውን ሣጥን ከፊት በኩል ብቻ ፈታሁት። ክብ ነው። እንደ ስልክ እንጨት ክብ። ቀለሙ እውነትም ያምራል።

ወደ ወርክሾፑ አላስገባሁትም። ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሼ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ከጠዋት ጀምሮ ጎረቤት «እንኳን ደስ አለህ» እያለ ይገባል። ደስ አላለኝም ስላቸው ያፍሩልኛል። አስናቀች፣ ሚስቴ፣ እያንዳንዱን እስከ በር እየሸኘች «ደክሞት ነው» ትላለች። አልደከመኝም። ተናድጃለሁ።

ረፋድ ላይ እንድሪስ በግ እየጎተተ መጣ። ከላላ መንገድ ላይ የእህል ወፍጮ አለው። አብረን ነው የተማርነው፣ እሱ ከስምንተኛ ክፍል ወጣ። ሻፍቱ ተበላሽቶ ወፍጮው ቆሟል። አዲሱን ሻፍት በቶርኖ አውጥቼለታለሁ፤ የቀረው ሻፍቱንና ፑሊውን አንድ ላይ የሚይዘው ቁልፍ የሚቀመጥበት ቦይ ነው። እሱን ማሽኑ ሲመጣ እሠራልሃለሁ ብዬው ነበር። የአካባቢው ሴቶች እህላቸውን ይዘው ቁልቁል ርቀው ይሄዳሉ።

«በልዬ፣ ያ ጀሊል! መጣ አይደል? በል እረደው። ደሙን ጎማው ላይ እንረጭለታለን።»

«ጎማ የለውም።»

«እግሩ ላይ። አንተው እረደው፣ ሥጋው ለቤትህ ነው። እኔ እንቁላል ጠብሳችሁ አብሉኝ።»

አይታረድም አልኩት። በእኛ አገር አዲስ ነገር ሲገባ ደም ይፈስለታል፣ አዋቂ ይመርቀዋል። ከተመረቀ በኋላ ያ ዕቃ ያንተ ነው፤ መልሰህ ብትልክ ምርቃቱን እንደ መመለስ ይቆጠራል፣ ማንም ከጎንህ አይቆምም። ታምራት አባቱ የዚሁ የወግዲ ሰው ነው። ይህን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።

እንድሪስ ሸራውን ገልጦ አየው። «ምን ጎደለው? ብረት ነው፣ ይቆርጣል።»

አስረዳሁት። ጨርሶ ሰማኝና፣ «ለእኔ ቦይ የማሽኑን ራስ ከፍ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል?» አለኝ።

አያስፈልግም። አንዴ ተስተካክሎ ከቆመ እስኪያልቅ አይነካም። ዋሽቼ አላውቅምና እውነቱን ነገርኩት።

«ታዲያ ዛሬ ሥራልኝና ነገ ተጣላው።»

«ከሠራሁበት ተቀብዬዋለሁ ማለት ነው።»

«አንተ ፀጉር ስትሰነጥቅ የእኔ ወፍጮ ሌሊት ወፍ ሊያድርበት ነው! ወላሂ፣ ትምህርት ጎድቶሃል።» በጉን እዚያው አስሮት ሄደ። ሳይሰናበተኝ።

በጉ ከሰዓት በኋላ የአስናቀችን ጎመን በላ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ዛሬ ማሽኑን በደንብ መረመርኩት። ጥሩውንም መጥፎውንም መጻፍ አለብኝ። መሽከርከሪያው ጨዋታ የለውም፤ አይነቃነቅም። ጠረጴዛው ደልዳላ ነው። መጥፎ ማሽን አይደለም። ቀዳዳ ብቻ የሚበሳ ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰትበት ነበር። እኔ ያላዘዝኩት ማሽን ነው፣ ያ ነው ነገሩ።

ሌላም አለ። ባለፈው ወር ወለሉን በሲሚንቶ ሞልቼ፣ ባዘዝኩት ማሽን እግር ልክ አራት ብሎን ቀብሬያለሁ። የመጣውን ለካሁት። አንዱም ብሎን አይገጥምም።

ታምራት ጋ ደውዬ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ወለሉን ያስቆፍሩታ!»

«የእኔን ወለል ከማስቆፍር ያንተን መጋዘን ብታገላብጥ አይሻልም?»

ሳቀ። በቁጣዬ የሚስቅ ሰው ከሚሰድበኝ ይብስብኛል። ያዘዝኩትን ማሽን መቼ ትልካለህ፣ ይህንንስ በማን ታስወስዳለህ፣ በጽሑፍ መልስልኝ አልኩት። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን ጋሼ፣ በእኛ መካከል ጽሑፍ ምን ያደርጋል?» አለ። ቤተሰብ የሆንነው መቼ ነው?

አስናቀች እራት ላይ ቀስ ብላ፣ «እንድሪስ ታመህ ከተኛህበት ጊዜ ጀምሮ ዱቄት አቋርጦብን አያውቅም» አለች። በልቼ ሳልጨርስ ተነሣሁ። ትክክል ስለሆነች ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ሌላ መንገድ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ስሸሸው ነበር እንጂ አውቀዋለሁ። መሮና ሞረድ።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ብረት በሞረድ ብቻ እያስፋቀ ፍጹም ኩብ ያስወጣን ነበር። እንጠላው ነበር። ዛሬ ሻፍቱን ሞርሳ ላይ አሰርኩ፣ ቦዩን በኖራ አሰመርኩ፣ መሮውን ያዝኩ። ብረቱ ጠንካራ ነው። እስከ ምሳ ድረስ የወጣው የጥፍር ያህል ነው።

ማሽኑ በመስኮት በኩል ይታየኛል። እሱ ቢሆን ቡና ሳይበርድ ይጨርሰዋል። ሸራውን ወደ ታች ሳብኩበት።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

አለቀ። እጄ ውኃ ቋጥሯል፣ ማንኪያ መያዝ አቅቶኛል። ቁልፉ በቀላል መዶሻ ምት ገባ፤ አይወዛወዝም፣ ከልክ በላይም አይጠብቅም። በካሊፐር ለካሁት። በማሽን ከሚወጣ አያንስም።

እንድሪስን አስጠራሁት። ሻፍቱን አገላብጦ አየ። ከዚያ እጄን አየ። ከዚያ ሸራ የለበሰውን ማሽን አየ።

«ማሽኑ እዚህ ቆሞ?»

«እዚህ ቆሞ።»

«አንተ ሰው፣ እልኸኛ ብቻ አይደለህም። ሌላም ነገር አለብህ።» ሻፍቱን በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቀፈው። በር ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «በጉ ይቆይ» አለ።

ማታ አስናቀች እጄን በቅቤ አሸችልኝ። «ነገ ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ። ታምራት መልእክት ልኮላት ነው የሰማችው። ሳትነግረኝ ቀኑን ሙሉ ቤት ስታሰናዳ ነው የዋለችው። ስለዚህ መልስ የጠየቅኩት ሰውዬ ሽማግሌ ላከብኝ ማለት ነው። ጽሑፍ ስለው ሽማግሌ!

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ሁለት ሆነው መጡ። ሼህ ይማም፣ የታምራትን አባት ከልጅነቱ የሚያውቁት፣ በከተማችን ስንቱን ደም ያደረቁ ሽማግሌ። ከእሳቸው ጋር የንስሐ አባቴ። ብልህ ነው ታምራት። እምቢ የማልላቸውን ሁለቱን መርጦ ነው የላከው።

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «ልጃችን አጥፍቷል። ልጅ ነው። አንተ ደግሞ ትልቅ ሰው ነህ፣ ተምረሃል...»

«ይቅር ብዬዋለሁ፣ ሼሃችን።»

ረጅም ነገር ይዘው ነበር የመጡት። የንስሐ አባቴ «እንዲህ በቶሎ?» አሉ፣ ቅር ያላቸው ይመስል።

«ሰውዬውን ከልቤ ይቅር ብያለሁ።»

ደስ አላቸው። ተበላ፣ ተጠጣ። ሥጋ አልቀረበም፤ አስናቀች ለሁለቱም የሚሆን ሽሮና እርጎ ነው ያቀረበችው። ከዚያ ሼሁ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ፣ ሁላችንም ተከተልናቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው ለቤቱ፣ ለጤናችን፣ ለዝናቡ መረቁ። «አሚን» እያልን ነው። ድንገት ወደ ማሽኑ ዞሩ።

«ይህንንም ብረት የሲሳይ በር...»

«ሼሃችን፣ ይቁሙ!»

ምርቃት አቋረጥኩ። በሃምሳ ምናምን ዓመቴ አድርጌው የማላውቀውን። አስናቀች በነጠላዋ አፏን ያዘች። የንስሐ አባቴ መሬት መሬት አዩ። የሼሁ መዳፍ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ዱዓ ይቋረጣል እንዴ፣ በላይ?»

«ይማሩኝ። እኔን ይመርቁ፣ ሚስቴን ይመርቁ፣ ያንን በግም ይመርቁ። ይህን ከመረቁት ግን የእኔ ይሆናል። የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የታምራት ነው።»

ሸራውን ገፈፍኩት። ጠረጴዛው ላይ ኖራ የተቀባ ብረት አሰርኩ፣ ማሽኑ አፍ ላይ ሹል ዘንግ አስገባሁ፣ ዝቅ አድርጌ አንድ ነጥብ አስነካሁ። የማሽኑን ራስ ፈትቼ በእጅ መዘውሩ ከፍ አደረግኩት። መልሼ አወረድኩት፣ አጠበቅኩት፣ አስነካሁ። ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ጎን አረፈ። ጥርት ብሎ ይታያል።

ሼሁ ጎንበስ ብለው አዩ። «ድገመው።»

ሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ሌላ ቦታ ዋለ።

«እኔ ላዙረው።» ምርኩዛቸውን ለቄሱ ሰጥተው መዘውሩን ራሳቸው አዞሩት። አራተኛ ነጥብ።

«ተነሥቶ ሲመለስ ቦታውን አያውቀውም።»

«አዎ ሼሃችን።»

«እንደኔ ነዋ!» ብለው ሳቁ፣ ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። «ይህን እንደሚያደርግ ልጁ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ገባኝ ብሎኛል።»

ውኃ የቋጠረ እጄን አዩት። እንድሪስ ነግሯቸዋል መሰለኝ፣ ምንም አልጠየቁም። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ታምራት፣ ልጄ፣ አንተ ይቅርታህን አግኝተሃል። ማሽንህ ግን አላገኘም። እኛን ሰው አስታርቁ ብለህ ላክኸን እንጂ ይህን ልታስመርቀን መሆኑን አልነገርከንም።» ታምራት ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሼሁ ስልኩን ዘግተው፣ «አያለሁ ብሏል» አሉኝ።

አያለሁ። «አያለሁ» ቀን የለውም።

ሲሄዱ ሼሁ በሩ ላይ ቆመው ምርቃቱን ካቋረጥኩበት ቀጠሉ። ቤቱን፣ እኔን፣ አስናቀችን፣ በጉን ሳይቀር። በማሽኑ በኩል ሲደርሱ ዘለሉት።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እንድሪስ ደወለ። አልተናገረም። ስልኩን ወደ ወፍጮው አስጠግቶ ያዘው። ዱብ ዱብ ሳይል፣ እኩል የሆነ፣ ወጥ የሆነ ድምፅ። በስተኋላ ሴቶች በወረፋ ይጣላሉ። ለረጅም ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ «አብሽር!» ብሎ ጮኾ ዘጋው።

አስናቀች «አሁንስ ቁጣህ በረደ?» አለችኝ። አላውቅም። ሸራው ሥር ያለው ነገር አሁንም ግቢዬ ውስጥ ነው፣ ዝናቡም እየቀረበ ነው። ታምራት ዝም ካለ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም። ወለሌን ግን አላስቆፍርም። በጉም ያዘዝኩት ማሽን አራቱ ብሎኖች ላይ እስኪቆም አይታረድም።

ለታምራት የላክሁት ይህ ነው፦

«አቶ ታምራት፣ ሽማግሌዎቹን ስለላክህ አመሰግናለሁ። በአንተ ላይ ቂም የለኝም። የላክኸው ማሽን ግን ያዘዝኩት አይደለም፤ አልሠራሁበትም፣ አልተመረቀም፣ እንደመጣ ሸራ ለብሶ ይጠብቅሃል። ያዘዝኩትን ባለ አራት ማዕዘን ምሰሶ ማሽን በየትኛው ቀን እንደምትልክና ይህን በማን እንደምታስነሣ እስከ ሰኞ ግንቦት 17 አሳውቀኝ። በስልክ አይደለም። በሽማግሌም አይደለም። በጽሑፍ።»