አባ ነገና ሁለቴ የሚንኳኳው መዝጊያ

አባታችን ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከአናጺው ሱቅ በስተጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ስትሆን፣ ሰባት ልጆች አድገውባታል፤ እሳቸው አምስተኛው ናቸው። የአይሁድ ሕጋችን ሟች ሳይቀበር እንዲቆይ ስለማይፈቅድ ይህ ጽሑፍ በአንድ ማለዳ የተጻፈ ነው። የተረሳ ነገር ቢኖር የጻፍኩት እኔ የመጨረሻዋ ልጃቸው ነኝና ወቀሳው ለእኔ ይሁን።

አባታችን ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ሱቅ እየዋሉ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ አንደኛ ይወጡ ነበር ይባላል፤ የመምህሩን ጠረጴዛ ስለጠገኑ ነው የሚል ሐሜት ግን በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። በ1957 ዓ.ም. ሱቁን ከአባታቸው ተረከቡ። የሠሩት በር አይጣመምም፤ የሰጡት ቀጠሮ ግን አይታመንም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር “ነገ ይደርሳል” ስለሚሉ “አባ ነገ” የሚል ስም ወጣላቸው። አልተቀየሙም፤ ስልክ ሲያነሱም ራሳቸው “አባ ነገ ነኝ” ይሉ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። የሙሽሮቹ አልጋ ከሠርጉ ሦስት ወር ዘግይቶ እንደደረሰ እናታችን እስከ ዛሬ ሳይሰለቹ ያወራሉ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው፣ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አባታችን ከሱቁ ጋር የምኩራባችንንም ቁልፍ ወርሰዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ሰንበት ጠዋት በሩን ከፍተው፣ ጸሎቱን በቃላቸው አድርሰው፣ ለምሳ ቶሎ የሚመለሱ ሰው ነበሩ። ሃይማኖቱን ተረከቡት እንጂ ብዙም አላሰቡበትም። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ የባስን ነበርን፤ እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሄድኩ ትልቅ ነገር ነው። የማኅበሩ ጸሎት ሙሉ እንዲሆን አሥር ወንዶች ያስፈልጋሉ። በ1988 ዓ.ም. የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በአንድ ዓመት ውስጥ አሥረኛ ሰው ካልተገኘ ምኩራቡ እንዲዘጋ ወሰኑ። አባታችንም ያለ ክርክር ተስማሙ።

በዚያው ወር አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መጣ። ከአይሁድ ያልተወለደ፣ ኦሪትን ለዓመታት ብቻውን ሲያነብ ኖሮ ወደ ሃይማኖቱ ለመግባት የቆረጠ ሰው ነው። በሰንበት ላለመንዳት ሲል በሌሎቹ ቀናት የባልደረቦቹን የማለዳ ፈረቃ ሁሉ ተሸክሞላቸው ነበር። አባታችን በሩን ሊከፍቱ ሲደርሱ ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ቆሞ ያገኙታል፤ አፍረው እሳቸውም ቀደም ብለው መውጣት ጀመሩ።

ጥያቄው ማለቂያ አልነበረውም። ይህን ለምን እንላለን? እዚህ ላይ ለምን እንቆማለን? አባታችን “እስቲ እስከ ሰንበት ታገሠኝ” ይሉና ከሥራ መልስ መነጽራቸውን አድርገው መጽሐፍ ያገላብጣሉ። አንድ ቀን እናታችንን ከወጥ ቤት ጠርተው፣ “ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልኩትን ነገር ገና ዛሬ ሰማሁት” አሏቸው። ለሰው ሁሉ ነገ የሚሉት አባታችን የሹፌሩን መልስ አንድም ሰንበት አላሳደሩበትም።

የኦሪቱ ጥቅልል የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን መዝጊያው በእርጥበት አብጦ ይይዝ ስለነበር፣ አባታችን ከመክፈታቸው በፊት በጣታቸው አንጓ ሁለቴ ያንኳኩት ነበር። ለመላግ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ነገ ሲባል ኖሯል። ሹፌሩ ትእዛዝ መስሎት በደብተሩ ጻፈው።

በ1989 ዓ.ም. ሹፌሩ በሦስት ረቢዎች ፊት ቀርቦ ተፈተነ። አባታችን ምስክር ሆነው ከኋላ ተቀመጡ። ስለ ሰንበት፣ ስለ ምግብ ሕግ የተጠየቀውን ሁሉ ሳይደናቀፍ መለሰ። በመጨረሻ ጥቅልሉን እንዴት እንደሚያወጣ ሲጠየቅ፣ “መጀመሪያ ሁለቴ አንኳኳለሁ” አለ። ረቢዎቹ ተያዩ። ማን እንዳስተማረው ቢጠይቁት ዞር ብሎ አባታችንን አየ። የሰውየውም የምኩራቡም ነገር በአንድ ያበጠ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አባታችን ከመቀመጫቸው ተነሡ። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። “መዝጊያው ይይዛል። አናጺ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ነገ ነገ እያልኩ ነው። እሱ የእኔን ስንፍና እንኳ እንደ ሕግ አከበረው፤ እኔ ሕጉን ራሱን እንደዚያ አክብሬው አላውቅም።” ትልቁ ረቢ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ “ሰውየውን ተቀብለናል፤ እርስዎ ግን መዝጊያውን ይጠግኑ” ብለው አሰናበቷቸው።

በማግስቱ ማለዳ አባታችን መላጊያቸውን ይዘው ሄዱ። ነገ ያሉት ሥራ በነገታው ሲያልቅ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰንበት ሲደርስ አሥር ሰው ሞላ፤ ምኩራቡን የመዝጋቱም ነገር ቀረ። መዝጊያው አሁን በአንድ ጣት የሚከፈት ነው። አባታችን ግን ተጠግተው ሁለቴ አንኳኩ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት ሲያያቸው፣ “ሰው ቤት ሲገባ ይንኳኳል” አሉት። “እስከ ዛሬ የራሴን ዕቃ የምከፍት መስሎኝ ነበር።”

እኔም ይህን ጉድ ልይ ብዬ ሄድኩና በዚያው ቀረሁ። በ1991 ዓ.ም. ከሹፌሩ ጋር ተጋባን። “እሷን ብሎ ነው የገባው” የሚሉ አሉ። እሱ ሲገባ እኔ አልነበርኩም፤ እሱን ብዬ የተመለስኩት እኔ ነኝ። አባታችን በዚህ እንደተደሰቱ በምንም ተደስተው አላውቅም።

አባታችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ቁልፉን በገዛ እጃቸው ለባለቤቴ አስረክበው፣ ሰኞ ኅዳር 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በ82 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ስምንት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ስምንቱም ቁም ሣጥኑን ሳያንኳኩ አይከፍቱም፤ ምክንያቱንም ያውቃሉ።

የሰማይ አምላክ ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ጋር ያኑርልን፤ በሩንም ለነገ ሳይል ዛሬውኑ ይክፈትላቸው። ቢይዝ እንኳ አባታችን እንዴት እንደሚያንኳኩ ያውቃሉ።