የአባባ ሰባት ደቂቃ

አንቺ ልጅ፣

የአባትሽ ሰዓት መሳቢያሽ ውስጥ ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ይሠራል። ፎቶውን ኮምፒውተርሽ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ለእህትሽ ላኪላት።

መጀመሪያ በአጭሩ ሌንስ ሞክሬ ነበር። በጣም ስለሚያስጠጋ የካሜራው ጥላ በሰዓቱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ላይ አረፈ። በመቶ ሚሊሜትሩ የቅርብ ማንሻ (ማክሮ) ሌንስ ራቅ ብዬ ሳነሳ ብርሃኑ ተስተካከለ፤ ግን ጥርት ብሎ የሚወጣው ፀጉር የምታክል ቦታ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ፎከሱን በትንሽ በትንሹ እየገፋሁ አርባ ፎቶ አንስቼ ማዋሃድ ነበረብኝ። ለዚያ ደግሞ ምንም ነገር መንቀሳቀስ የለበትም።

የሰዓቱን ማስተካከያ ቁልፍ ሳብ አድርጌ አቆምኩት።

«ክፈቺው፣ አንሺው፣ ብቻ እንዳታቆሚው» ብለሽኝ ነበር። አባባ ካረፉ ጀምሮ በየጠዋቱ እየሞላሽው አንድም ቀን ቆሞ እንደማያውቅ አውቃለሁ። ሃያ ደቂቃ ነው፣ ማን ያውቃል ብዬ ነው።

ፎቶው ግሩም ወጣ። ይኼ ነው የባሰ ያሳፈረኝ።

እስከ እሁድ ሥራ ላይ ነኝ። በስልክ ልነግርሽ አፈርኩ።

አንድ ነገር ቀረ። ስጨርስ ሰዓቱን ከስልኬ ጋር አስተካከልኩት። አባባ ሥራ እንዳይረፍድባቸው ሰባት ደቂቃ አስቀድመውት እንደነበር ትዝ ያለኝ ጫማዬን ሳስር ነው። ተመልሼ መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ሰዓቱን ሳልነካ መልሼ ዘጋሁት።

ሰዓቱን አንቺ ወደፊት ግፊው። እኔ ከገፋሁት የአባባ ሰባት ደቂቃ አይሆንም።