ሳቢርን ተራራው ላይ ትቼው ወረድኩ

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ዳቦ ገባ። ፍሪጁ ሞላ። ስፓዛውን፣ ትንሿን የሰፈር ሱቅ፣ ለአጎቴ አስረክቤ እስከ ሰኞ ከቮስሎሩስ ሰፈር እገላገላለሁ። ነገ ከሳቢር ጋር ወደ ባሕሩ።

አንድ ግቢ ነው ያደግነው። አባቱን ኮሮና ከወሰዳቸው ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ቀብሩ ላይ እንኳ ተራርቀን ነው የቆምነው። እናቱ እማማ ዘይነባ በስንት ልመና ፈቀዱ። ልጄን ካንተ እጅ ነው የምቀበለው አሉኝ። ኮራሁ። ማስታወሻዬ፣ መኩራቴን ያዝልኝ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ዋይልድ ኮስት የሚሉት የባሕር ዳርቻ። ተራራው ከባሕሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ የወጣ ይመስላል። መንገዱን ሁለታችንም አናውቀውም። ያደርንበት ቤት ባለቤት በውሃው ዳር ሂዱ አለ። እኔ በላይኛው መንገድ ካልሆነ አልኩ። ሳ. እሺ አለ፤ ዛሬ ለሁሉም ነገር እሺ ነው። ማስክ የለ፣ ሰው የለ። አባቴ ይህን ቢያይ አለኝ። ምን ይባላል? እንሂድ።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ጭጋግ ከባሕሩ ተነሣ። መንገዱ ቀጠነ። በቀኝ ድንጋይ፣ በግራ የማዕበል ድምፅ ብቻ። ሳ. አዳለጠውና እግሩ ተጠመዘዘ። ተቀመጠ። ቀጥሎ ሳል። ደረቅ፣ የማያቋርጥ፣ ልክ እንደ አባቱ። ትከሻህን ስጠኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከኪሴ ማስኬን አውጥቼ አጠለቅኩ። በዚያ ሁሉ ነፋስ! እርዳታ ላምጣ ብዬው ወረድኩ።

ውሸት ነው። እርዳታ የሚባል ነገር ትዝ ያለኝ ታች ከደረስኩ በኋላ ነው።

ከአለቱ ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ሴትዮ አገኘሁ። ከደንበኞቼ በለቀምኳት የዙሉ ቋንቋ ለመንኳቸው። ገባቸው። ከኔ ቀድመው ወጡ፤ ክንዱን አንገታቸው ላይ ጥለው አነሡት። እኔ ከኋላ፣ ራቅ ብዬ።

አስሙ ነው የተነሣበት። ከልጅነቱ የማውቀው አስም። የሚስበው መድኃኒት ደግሞ እኔ ይዤው በወረድኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር።

እሑድ

መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ። እኔ እነዳለሁ። እሱ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ ያያል።

ሰኞ፣ ማታ

ይባስ። ሳ. ለእናቱ ተሸክሜ እንዳወረድኩት ነግሯቸዋል። እማማ ዘይነባ ግንባሬን ሳሙ፣ ዱዓ አደረጉልኝ። ምግብ ቀረበ። እኔም በላሁ። ሳፍር እንኳ የምግብ ፍላጎቴ አይዘጋም።

ረቡዕ

አጎቴ ወሬውን ለደንበኛ ሁሉ ያወራል። አንዷ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሂሳብ ተሳሳተብኝ።

ሳ.ን ለምን እንደዋሸ ጠየቅኩት። እናቴ ካወቀች ሁለተኛ ከቤት አታስወጣኝም አለ። ከዚያ ስልኩን አሳየኝ፤ ሌላ የባሕር ዳር ተራራ መርጧል። በሚቀጥለው ወር፣ ከኔ ጋር። የማይሆን ልጅ። አንጀቴን በላኝ፣ ደግሞም ተናደድኩበት። ለምን አይቆጣኝም?

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ቆርጬ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ለእማማ ዘይነባ ዛሬ ልነግራቸው ነው አልኩት።

«ስስል ጊዜ የምሞት መስሎህ ነበር?» አለኝ።

አዎ ብል ይቀለኝ ነበር። ይቅር የሚባል መልስ ነው።

«አይደለም። የምሞተው እኔ መስሎኝ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከተራራው ወዲህ ዓይኔን ሲያየኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እኔን ግን ቀዝቅዞኝ ነበር» አለ። «ስትመለስ ጃኬትህን እንኳ አልሰጠኸኝም።»

እውነቱን ነው። ጃኬቱ እስካሁን ትዝ አላለኝም ነበር። እስከ አንገቴ ድረስ ዘግቼው ነበር።

አሁን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። እማማ ዘይነባ ከሱቅ ተመልሰው ጓዳ ገብተዋል፤ የዕቃ ድምፅ ይሰማኛል። ሳ. ውጭ ይጠብቀኛል። አብረን እንገባለን፤ የምትናገረው ግን አንተ ነህ ብሏል። ከቤት እንዳይወጣ ከከለከሉት በኔ ጦስ ነው። ከጃኬቱ እጀምራለሁ። ሳ. በሩን እያንኳኳ ነው።