ትዕግሥትን ጸበል ያስገባሁበት ሳምንት

ሰኞ
ሰባ ስምንት ሞላኝ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ይበቃኛል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱም በእኔ ነው የቆመው። የልጅ ልጄ ትዕግሥት ግን በአሥራ ሰባት ዓመቷ የገዛ ራሷን መሸከም አቃታት። «አባባ፣ ራሴን!» ነው ነጋ ጠባ። አንገቷን ደፍታ ስልክ ስትጠርግ ትውላለች፣ ታድራለች። ጣት ብቻ!

ማክሰኞ
ስልኩን ነጥቄ የገብሱ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት።
«አባባ፣ የምናጠናው እኮ በሱ ነው።»
ውሸት።
ጎረቤታችን ጫልቱ አጥር ላይ ተንጠልጥላ፣ «ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ይውሰዷት» አለች። «አንቺ ጎመንሽን ኮትኩቺ» አልኳት።

ረቡዕ
ራስ ምታቱ ባሰ። እንግዲያው ጸበል። ሰባት ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ። የጭላሎ ተራራ ውርጭ ፊት ይገርፋል። እሷ ተንቀጠቀጠች፣ እኔ አልተንቀጠቀጥኩም።

ሐሙስ
ቁራሽ ዳቦ ለመነችኝ። ከለከልኳት።

ዓርብ
ከጸበል ስንመለስ ትዕግሥት በጫልቱ በር ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጫልቱ ጮኻ ባጃጅ አቆመች። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የትናንት ልጅ ናት።
«አባቴ፣ ስልክ ላይ ማምሸቱና እንቅልፍ ማጣቱ ያሳምማታል፣ እሱስ እውነትዎን ነው። በባዶ ሆድ ማዋልዎ ግን አባሰባት።»
«ስንት ልጅ አሳድገሻል?» አልኳት፣ ሕመምተኛው ሁሉ እየሰማ። ትዕግሥት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ኋላ በጫልቱ ስልክ አቦምሳ ላለችው እናቷ ደወለች።

ቅዳሜ
እናቷ፣ የገዛ ልጄ፣ በጠዋት ደረሰች። አልሳመችኝም። «እወስዳታለሁ» አለች፣ ቁማ። እኔም «ውሰጃት!» አልኩ። ምላሴን ውሻ ይብላው።
ያዳነኝ የትዕግሥት አፍ ነው። «ፈተናዬ እስኪያልፍ እዚሁ ልሁን። ስልኬን ግን ይመልሱልኝ። ማታ ማታ እሳቸው ጋ ይደር።»
እናቷ፣ «አንድ ቀን ብታስርባት መጥቼ እወስዳታለሁ» ብላኝ ሄደች። እንግዲህ በስተርጅና የስልክ ዘበኛ ሆንኩ።

እሁድ
ትዕግሥት ቁርስ በላች። እስካሁን ራሷን አልያዘችም። ነገን እንጃ።
ዕዳ አለብኝ። ሽማግሌ አልልክም፣ በእግሬ ሄጄ ነው የምከፍለው። ለጫልቱ፣ ስለ ሰደብኳት ይቅርታ። ለነርሷ፣ በሰው ፊት ስላዋረድኳት በሰው ፊት ይቅርታ፤ ይኼ ይመረኛል። ለልጄ፣ «ውሰጃት» ያልኩትን መመለስ። ለትዕግሥት፣ በባዶ ሆድ ያዋልኳት ሦስት ጠዋት። የሷን በምን እንደምጀምር አላወቅሁም።