ንጹሕ ስለሆንን «የሉም» የተባልንበት ጥናት

ለተከበሩት የሰሜን ምድር የአካባቢ ተጽዕኖ ገምጋሚ ቦርድ ሰብሳቢ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቢሮዎን በሙሉ ሙቀት፣ ማኅተምዎን በሙሉ ቀለም ያገኛቸው ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ዶልፈስ ናጃ፣ በረጅሙ ሐይቅ ዳር የምኖር የስልሳ ሦስት ዓመት አዳኝ ስሆን፣ ዘንድሮ በማታ ትምህርት ከአስራ አራት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የወጣችው ባለቤቴ ናትና ነገሩን ቤት ውስጥ አናነሳውም። ሕጉ ማንም ሰው በአርባ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ቢያቀርብ ቦርዱ በጽሑፍ ይመልስለታል ስለሚል፣ አንድ ኩባንያ ወደሚከፍተው የማዕድን ማውጫ ይሠራል ስለተባለው መንገድ ያለኝን ምስጋና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስምንት መቶ ገጽ ጥናት ስለላካችሁልን እናመሰግናለን። ሌላ ሰው ምድጃ ያቀጣጥልበት ነበር፤ እኔ ግን አንብቤዋለሁ። ገጽ 212 ላይ፣ ካሪቡ የምንለው የሰሜን አጋዘን በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ ወንዙን ዋኝቶ በሚሻገርበት፣ እኛም ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የበረዶ ወራት ሥጋችንን በምናገኝበት ጠባብ መሻገሪያ «የሰው አሻራ አልተገኘም» ይላል።

፪ኛ. የተከበሩ ሰብሳቢ፣ አሻራው የጠፋው ስላልነበርን ሳይሆን ስለምናጸዳ ነው። እኛ ዘንድ ሰፈር ሲነሳ አጥንቱ ይለቀማል፣ አመዱ ይቀበራል፣ የድንኳኑ ካስማ ቀዳዳ እንኳ በእግር ይደፈናል፤ ቆሻሻ የተተወበትን ቦታ ካሪቡ ያኮርፈዋልና። የካሪቡን ኩርፊያ ደግሞ የባለቤቴን ያህል እፈራዋለሁ።

፫ኛ. የእናንተ አጥኚዎች በበኩላቸው በሄሊኮፕተር መጥተው ኮረብታው ላይ ሦስት ቀን ሰነበቱና የሰርዲን ቆርቆሮና አንድ ጓንት ትተው ሄዱ። በዓመቱ የመጡት ሌሎች አጥኚዎች ይህንኑ አግኝተው «የተረጋገጠ የሰው መገልገያ ቦታ» ብለው መዘገቡት። ጓንቱ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ስም አለ፤ ፎቶው ገጽ 340 ላይ ስለወጣ እኔ ራሴ አነበብኩት፤ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጓንት ነው። ሕጉ እንዲህ ካለው ቦታ በአምስት መቶ ሜትር ውስጥ መንገድ ስለሚከለክል፣ መንገዱ ለሰርዲኑ ክብር ተጠማዝዞ እኛ መሻገሪያ ላይ ወጣ። ሕጉን አልነቅፍም፤ ለቆርቆሮ የቆመ ሕግ አንድ ቀን ለሰውም ይቆም ይሆናል።

፬ኛ. አዳራሽ ተሰብስበን ስንመክር እኔ ተነስቼ «ጎበዝ፣ ሕጉ የሚፈልገው ቆሻሻ ነው፤ እንጣልለት!» አልኩና ተጨበጨበልኝ። የባለቤቴ ወንድም ሞዴስት «አንተ ዶልፈስ፣ ፊደል ቆጥረህ የደረስክበት ጥበብ ይሄ ነው?» ቢለኝም አሮጌ ቦቲውን ይዞ መጣ። መሻገሪያው ላይ ጣሳ፣ ገመድ፣ የተሰበረ መጥበሻ በተንን። በማግስቱ ፎቶ ልናነሳ ስንመለስ ግን ሁሉም ተለቅሞ ጆንያ ውስጥ ገብቷል፤ አሮጊቷ አክስቴ ሴለስቲንም ጆንያው ላይ ተቀምጣ «አንተ ባለጌ! ካሪቡ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው? እናትህ እንኳንም ይህን አላየች!» አለችኝ። ስለዚህ ማስረጃ የለንም፤ አክስት ግን አለን።

በዚህኛው አልቀልድም፦ መሻገሪያው ከተዘጋ ካሪቡ በሌላ በኩል ይሄዳል፤ አርባ ሁለቱ ቤቶቻችን ግን ሌላ ጓዳ የላቸውም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፦ እባክዎ ከነአጥኚዎችዎ መጥተው መሻገሪያው ላይ ሦስት ቀን ይስፈሩልን። ብሉ፣ ጠጡ፣ ጣሉ፤ በተለይ ስማችሁ ያለበትን ነገር ጣሉ። አክስቴን በእነዚያ ቀናት የዱር ፍሬ ለቀማ ወስጄ አቆይላችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሕጉ ሥራውን ይሥራ።

ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወገቡ እስከፈቀደለት ጎንበስ ብሎ፣ መልስዎን ያለ አስነባቢ ሊያነብ መነጽሩን ጠርጎ የሚጠብቅ፣

ዶልፈስ ናጃ (በገዛ እጁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገጽ 219 ላይ «አንዲት አረጋዊት ታይተዋል፤ መንገደኛ ስለመሰሉ አልተቆጠሩም» ይላል። መንገደኛዋ ሴለስቲን ናት፤ በዚያ ስታልፍ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። እዚያው ገጽ ግርጌ ማዕድኑ በአስራ አንድ ዓመት አልቆ ኩባንያው እንደሚሄድ ተጽፏል፤ እሱን ግን ነዋሪ ብላችሁ ቆጥራችሁታል።