የሜትሩ ጫፍ

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ውሃ ራሴ እቀዳለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ እመታለሁ፣ መጋዝም እስላለሁ። ይሄን አስቀድሜ የምጽፈው ባለፈው ደብዳቤሽ አንተ ሽማግሌ ስላልሽኝ ነው። አንቺ ራስሽ የምትበልጪኝ ሴትዮ! ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ዛሬም ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ታስገባለች ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ደግሞም ቀናሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይደክመኛል እንጂ አላመመኝም። መስመሩ አንዱ በአንዱ ላይ ከወጣብሽ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ የዘንድሮ ወረቀት መስመሩ ፈዛዛ ነው። ጽሕፈቴ እንደሆነ ልጅ ሳለሁ በከሰል ግድግዳ ላይ ያስተማርሽኝ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልጨመርኩበት።

ክፍሉን አጽድቼ እየጠበቅኩህ ነው፣ ዝናቡ ሳይገባ ና ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ ቁም ሳጥንሽን ሠርቼ ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም ብዬ መለስኩልሽ። እንጨት ጥሩ ምክንያት ነው እትዬ። መድረቅ አለበት ትያለሽ፣ ኮላው መያዝ አለበት ትያለሽ፣ እንዲህ እያልሽ ወሩን ትገፊዋለሽ። ይሄን ቤት ከሟች ባለቤቴ ጋር በእጃችን ነው ያቆምነው። ልጅ አልሰጠንም፣ ቤት ሰጠን። እንዴት ቆልፌው ልውጣ?

አሁን ግን ነገር መጣ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

የቅዳሜ ሰዎች የምላቸው አሉ። እንጨት መሥራት የሁላችንም ሙያ አይደለም፣ ለደስታችን ነው የምንቆርጠው። አንዷ የጥርስ ሐኪም ናት። አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሦስተኛው ልብስ ሰፊ ነው፣ ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ ሚሊሜትር እንለዋለን። ግቢዬ ሰፋ ስለሚል ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ይመጣሉ። አንዱ መደርደሪያ፣ አንዱ የተንጋደደ በርጩማ ይዞ ይመጣና ስንሰዳደብ እንውላለን። ዕቃ እንዋዋሳለን። ሕጋችን አንድ ነው፣ የተዋሰ ሰው ስሎ፣ ጠግኖ፣ በገዛ እጁ ይመልሳል። መልእክተኛ አንቀበልም።

ሐኪሟ የሠራነውን ሁሉ ፎቶ አንስታ፣ እንደኛ እንጨት የሚወዱ ሰዎች ያሉበት የስልክ ግሩፕ ላይ ታስገባዋለች። አንዴ የት እንደሚኖር እንኳን የማላውቀው ሰው፣ እኚህ አባት ያለ ምስማር እንዴት ገጠሙት ብሎ ጠይቆ ነበር። ስታነብልኝ ለሳምንት ያህል ቁመቴ ጨመረ።

ቁም ሳጥንሽን ካፊያ ስለነበረ ውስጠኛው ክፍል ገብቼ ሠራሁት። ለጎኑ የመጀመሪያውን ጣውላ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ የቀረውን ሁሉ በሱ ላይ እያስተኛሁ ቆረጥኩ፤ እንዲህ ከሆነ አይዛነፍም። መሀል ላይ እንጨቱ አልበቃ አለኝ። እንጨት ሻጩ አጉድሎብኝ ነው ብዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። እሱም አባቴ ቆጥሬ ነው የሰጠሁዎት ብሎ የጎደለውን ጨመረልኝ። ጨረስኩት። ቫርኒሹን ቀባሁት። እጅሽን ስታሳልፊበት እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው።

ቅዳሜ ለት ሊያወጡልኝ አራት ሆነን ተሸከምነውና በሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

አዞርነው፣ እምቢ። በጎኑ አስተኛነው፣ እምቢ። ሹፌሩ ወደ ኋላ! ወደ ኋላ! ግራ ስበሩት! እያለ እንደ አውቶቡስ ሊያቆመው ይጮኻል። በመጨረሻ ላቡን ጠረገና፣ እኔ በዚህ በር አውቶቡስ አሳልፋለሁ፣ ይሄን ግን ፈጣሪም አያሳልፈው አለ። ሐኪሟ የበሩን መቃን መታ መታ አድርጋ፣ ይነቀል፣ አያምዎትም አለችኝ። መቃኑ አይነካም አልኩ። መቃኑን ሟች ናት የቀባችው። ሳቃቸው ትንሽ በረደ፣ ግን ሐኪሟ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ልካው ኖሮ ስልኳ ይጮህ ጀመር። አንዱ አልጋ ቆጥ ላይ ሠርቼ ማውረድ ስላቃተኝ እዚያው እተኛለሁ ይላል። ሌላው መሰላሌን ኮርኒስ ውስጥ ረስቼ መታሁበት አለ። አንዱማ፣ ቤቱን ስሸጥ ጠረጴዛውንም አብሬ ሸጥኩት፣ ምን ላድርግ አለ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ።

ያልሳቀው ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካና፣ ጋሼ፣ የጎኑ ስፋት ስድሳ ነው ብለውኝ አልነበር፣ ይሄ እኮ ሰማንያ ነው አለኝ። የአንተ ሜትር የጨርቅ ነው፣ ተለጥጧል አልኩት። የኔን የብረቱን ሜትር ከኪሴ ወሰደ፣ ሳበው፣ አውራ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አደረገና ፊቴ ድረስ አምጥቶ፣ እዚህ ጋ ስንት ይላል ጋሼ አለኝ።

ስድሳ አልኩት፣ አፌን ሞልቼ።

የሹፌሩ ሳቅ መሀል ላይ ቀረ። ሐኪሟ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ያ ክፍል ድሮም ብርሃን የለው፣ የሜትሩም ቁጥር ተፍቋል፣ ታዲያ ምን ዝም ያሰኛል? ቆይታ ሐኪሟ፣ ጋሼ አንድ ቀን እኔ ጋ ጎራ ይበሉ፣ አጠገቤ ጎበዝ ሐኪም አለ አለችኝ። ጥርሴ ደህና ነው አልኳት። ለጥርስ አይደለም አለች።

ደሜ ፈላ። ግቢዬን ልቀቁልኝ አልኳቸው። ሚሊሜትርንማ፣ የሰው ሱሪ ስታሳጥር የኖርክ አንተ እኔን ልትለካኝ ነው ወይ ብዬ ሌላም ሌላም ጨመርኩበት፤ እዚህ አልጽፈውም። እሱም በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማንም አልመጣም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የሰው ኮቴ ሲያልፍ ቀና እላለሁ፣ ያልፋል። ቅዳሜ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። መጥረቢያ አንስቼ ቁም ሳጥኑን ልፈልጠው አሰብኩ፣ ክንዴን ማንሳትም ሰለቸኝ። እትዬ፣ መሥራት አያደክመኝም፣ አድክሞኝም አያውቅም። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ግን አጥንት ይገባል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚሊሜትር ብቻውን መጣ። ሰላምታውን እንደ ወትሮው ሰጠኝ። ትከሻዬን አሞኝ ሜትር ብቻዬን መዘርጋት አቃተኝ፣ ጫፉን ቢይዙልኝ አለኝ። ያመመው ትከሻ የቱ እንደሆነ ብጠይቀው መጀመሪያ ግራውን፣ ቆይቶ ቀኙን አሳየኝ።

ጫፉን ያዝኩለት።

ያኔ ነው የሟች ነገር ድንገት የመጣብኝ። ድሮ ስንሠራ ጫፉን የምትይዘው እሷ ነበረች፣ የማነበው እኔ። በኋላ ላይ፣ ልትሞት ጥቂት ዓመት ሲቀራት፣ አንተ ጫፉን ያዝ፣ እኔ ላንብብ፣ እስቲ እኔም ቁጥር ልልመድ አለችኝ። እሺ አልኳት፣ ሳቅኩባትም። ከዚያ ወዲህ ሁሌም ያነበበችው እሷ ናት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ነገሩ አልታየኝም እትዬ። ዕድሜ ልኳን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትቆጥር የኖረች ሴት ምን ቁጥር ነው የምትለምደው?

ብቻ ተይው።

ሚሊሜትር ጮክ ብሎ እያነበበ፣ እኔ ጫፉን ይዤ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በኩል የተረፈው ሃያ ሳንቲም ላይ ምልክት አደረግንበት። መጋዙን እኔ ነኝ የሳብኩት፤ እጄ መስመሩን ታውቀዋለች፣ ጣቴን ጠርዙ ላይ አስደግፌ። ሹፌሩና ሐኪሟ ከበር ውጭ ቆመው ኖሮ፣ የመጋዙን ድምፅ ሲሰሙ ሳይጠሩ ገቡ። ስንጨርስ አራት ሆነን አነሳነው። ወደ ኋላ የሚል አልነበረም። መቃኑን ሳይነካ ወጣ። እኔም ከኋላው ወጣሁ፣ ክፍሉም ባዶ ሆነ።

ስለዚህ እመጣለሁ። ዝናቡ ሳይገባ ሹፌሩ የወዳጁን መኪና ይዞ ያደርሰናል፣ እኔንም ቁም ሳጥኑንም። ቁልፉን ለሚሊሜትር እሰጠዋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው እንዳይዘጋ። አንቺን ፈጣሪ በጤና ያቆይልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ የደጅሽን ደረጃ ያቅልልሽ። ሳልደርስ አትታመሚብኝ።

እስከዚያ የምከፍለው ብድር አለብኝ፣ እንደ ሕጋችን ራሴ ነኝ የምከፍለው፣ ማንም ይክፈልልኝ አልልም። ለሐኪሟ የተዋስኳትን የእንጨት ማሰሪያ ሞርሳ ዘይት ቀብቼ እመልሳለሁ፣ እግረ መንገዴን ያ ጎረቤቷ ሐኪም ምን እንደሚል እሰማለሁ። ለሹፌሩ የዶሮ ቤቱን በር ልገጥምለት ቃል ገብቼ ነበር፣ አንድ ቀን እውልለታለሁ። እንጨት ሻጩ ጋ ሄጄ በሰው ፊት የሰደብኩትን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አልጎደለም ነበር። ለሚሊሜትር የብረት ሜትሬን፤ ይሄ ብድር አይደለም፣ ግን ከኔ ዘንድ መቆየቱ ብድር ሆኖብኛል። ለሟች አንድ ምስጋና፣ መቃብሯ ድረስ ሄጄ። ለአንቺ ቁም ሳጥንሽን። ስንቆርጥ ያወጣነው መደርደሪያ ገና አልተገጠመም፣ እዚያው ክፍልሽ ውስጥ ነው የምገጥመው። አንቺም ሜትር ታዘጋጂያለሽ፤ ጫፉን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ታነቢልኛለሽ።

ያው ግትሩ ታናሽ ወንድምሽ